አጎበሩን የያዘው የፍላሽ ስታንድ

«ቁመቱን ተወው፤ እግሩን እይ፣ እግሩን!» አለ ጋሽ ጌጡ፣ የሱቁ ወለል ላይ የቆመውን ጥቁር የብረት ስታንድ በመዳፉ እየመታ። «ይሄ ቢገፉትም አይወድቅ። ያ ያንተ የሚያብለጨልጨው ሲያስነጥሱበት ነው የሚሄደው።»

«ይሄንን ማን ይሸከመዋል? ከአስፋልት ወርደን ሁለት ሰዓት በእግር የምንሄድበት ሰርግ አለ» አልኩት።

«እኔ ነኛ! እስከ ዛሬስ ማን ነው ሲሸከም የኖረው?»

ባለሱቁ በመፋቂያ ጥርሱን እየፋቀ ይሰማናል። እሱ ያደላው ለእኔ ነበር። ቀላሉን ስታንድ አንስቶ ዘንጎቹን አንዱን ካንዱ ውስጥ እየጎተተ አወጣቸው፤ ከኔ ቁመት በላይ ሆነ። መልሶ ሰበሰባቸውና ክንድ የማያክል ነገር አደረገው። ቦርሳም አለው፤ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል። «ጥቁሩን ስቱዲዮ ውስጥ ተክለው የሚተዉት ሰዎች ናቸው የሚገዙት። ለሚዞር ሰው ይሄ ነው» አለ።

«የኛን አገር ንፋስ ታውቀዋለህ?» አለው ጌጡ።

«የት ነው አገራችሁ?»

«ሸዋሮቢት።»

«እዛ ሙቀት እንጂ ንፋስ አለ እንዴ?»

«ከሰዓት በኋላ ብቅ በላ! ባርኔጣህን ጀውሃ ሄደህ ነው የምትለቅመው።»

ባለሱቁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ብሩ ያለው በኔ ኪስ ነው፤ «ጋሼ ያዘዙት እኔን ነው» አልኩና ቀላሉን አነሳሁ። የላኩን ጋሼ ወንድአፍራሽ ያሉት ግን እንደዚያ አልነበረም። «ተማክራችሁ ግዙ፤ እሱ ብርሃን ያውቃል፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ» ነበር ያሉት። ጌጡም ሲሉ ሰምቷል። ሆኖም ጥቁሩን ስታንድ አጣጥፎ ወደነበረበት ጥግ መለሰው።

ይህ የሆነው ፒያሳ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ ቆሞ በሚጠብቅበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ዓመቱን እንዲህ ነበር ብዬ መጥራት አልችልም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም የነበረበት፣ ካሴት ገና ያልሞተበት፣ ወጣቱ ሁሉ በሰፊ ሱሪው መንገድ የሚጠርግበት ዘመን ነው በሉት። መንግሥት ተለውጦ፣ አዲሱም ከመለመዱ የተነሳ አዲስነቱ የጠፋበት ጊዜ። ያን ሱቅ እንዳስታውስ ያደረገኝ ባለፈው ዓመት ሸዋሮቢት ሄጄ ያየሁት ነገር ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ የያኔው አሠሪዬ ጋሼ ወንድአፍራሽ ታመዋል አሉኝና ልጠይቃቸው ገባሁ። አልጋቸው ላይ አጎበር ተዘርግቷል፤ በኛ ቆላ ያለ አጎበር ማን ይተኛል? የአጎበሩን ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ የተመቱ ምስማሮች ይዘውታል። አራተኛውን የያዘው ግን ራስጌያቸው የቆመ ቀጭን ብርማ ዘንግ ነው። አንዱ እግሩ ጎብጦ በሽቦ ተጠፍሯል። ገና ከበሩ ሳልገባ አወቅሁት። «እግዜር ይማርዎ» ማለቴን እንኳ አላስታውስም፤ ዓይኔ እዚያ ጉብጥ እግር ላይ ነበር።

እስቲ ከተማዋን ላስታውሳችሁ። ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ሮቢ ወንዝ ድልድይ ለሚወርድ ሰው፣ በስተቀኝ ሙዝና ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች ጥላ ስር ተደርድረዋል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት የሚያስጮህ ጭማቂ ቤት አለ፤ ክሩ ሲያልቅ ባለቤቱ በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ይመልሰዋል። ከዚያ ቀጥሎ ባለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር የኛ ፎቶ ቤት ናት። ውስጧ መጋረጃ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ፤ ከተማው ውስጥ ያልተጋባ ጥንድ ሁሉ እዚያ ፏፏቴ ስር ተቀምጦ ተነስቷል። ያቺ በር ግን አመል ነበራት። በኃይል ከዘጓት ተመልሳ ትከፈታለች። ከፏፏቴው ጀርባ ፎቶ የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ስላለ፣ ወረቀት ውኃ ውስጥ እያለ በሯ ከተከፈተች ብርሃን ይገባና ሥራው ሁሉ ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀት ውኃ ውስጥ ሲሆን ቀይ አምፖል ብቻ አብርተን፣ የምንገባና የምንወጣው በቀስታ ነው። ከውጭ ሲዘጉ ከላይ እስከ ታች በመዳፍ ተጭኖ ስንጥቋን መድፈን ያስፈልጋል። እኔ አንዳንዴ እረሳለሁ። ጌጡ አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።

ጌጡ ረጅም ነበር፤ ቤት ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም። ሽንኩርት ጫኝ ሆኖ ሲሠራ ኩንታል ግራ ትከሻው ላይ ወድቆበት ያ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለ። ጋሼ ወንድአፍራሽ የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ፍላሽ መያዝ ነበር። ፍላሹን ከቀርከሃ ጫፍ ላይ በመኪና ጎማ ላስቲክ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ፣ ጠፍሮ ያስረዋል፤ ከካሜራው የሚመጣውን ረጅም ሽቦ ትከሻው ላይ ይጠቀልላል፤ ከዚያ በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ ከሙሽራዋ በስተጎን ይቆማል። ፍላሽ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፊት ለፊት ሲመታ ሰው ሁሉ ሳህን ይመስላል። ከጎንና ከላይ ሲመጣ ነው አፍንጫ አፍንጫ፣ ጉንጭ ጉንጭ የሚሆነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። «ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሚስቴን ፊት አይቼ ነው ያወቅሁት» ይል ነበር። አራት ልጆች አሉት። ሰርግ ላይ ሲሄድ ሸሚዙን አጥቦ፣ ኮንጎ ጫማውን በውኃ ጠርጎ፣ የሰርገኛ ያህል ተዘጋጅቶ ነው። «ያለኔ ብርሃን ሙሽራ የለም» ይላል እየሳቀ፤ ቀልዱ ግን ግማሹ ከልቡ ነበር።

ፎቶ የማነሳው እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወድቄ፣ ያገኘሁትን ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ገጣሚ ያደረግሁ ሰው ነበርኩ። ግራ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። ያየሁትን ሁሉ እጽፍባታለሁ፤ የሙዝ ሻጯን ጥፍር፣ የሹፌሩን ስድብ፣ ዝንብ ፓፓያ ላይ እንዴት እንደምትቆም። ዓይኔ ስለታም ነው ብዬ እመካ ነበር። ጭማቂ ቤት የሚቀመጡት ልጆች ግን እኔና ጌጡ ስናልፍ «ገጣሚውና ቀጭኔው መጡ!» ይሉናል። እሱ ይስቃል፤ «ቀጭኔ ከሩቅ ያያል፣ አንተ ጭማቂ ብቻ ነው የምታየው» ብሎ ይመልስላቸዋል። እኔን ግን ያቃጥለኛል። አንድ አዲስ አበባ የሚታተም መጽሔት ላይ ፎቶ አንሺ ብቻውን፣ አጠገቡ ስታንድ አቁሞ ሲሠራ አይቼ ነበር። ያንን መምሰል አማረኝ። ከቀርከሃና ከኮንጎ ጫማ ጋር መታየት አሳፈረኝ።

ጋሼ ወንድአፍራሽን ስታንድ ያስፈልገናል ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። «የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ብረት አይንቀጠቀጥም» አልኳቸው። ጌጡ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። ሲወጣ አልተቆጣም። «እንግዲያው ከባድ የሆነውን እንግዛ» ብቻ አለ። ለምን ከባዱን እንደፈለገ አውቅ ነበር። ከባድ ስታንድ ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ቀላሉን ግን ገጣሚውም ትከሻው ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ያ ጥቁር ብረት የጌጡ እንጀራ ነበር፤ ብርማው የኔ ኩራት። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ባለሱቁ ፊት ስንከራከር ግን ስለ እግርና ስለ ንፋስ ነበር የምናወራው።

በአውቶቡስ ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ በሶ ገዝቶ ሰጠኝ። ስታንዱን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይዞት ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ እንዳይጋጭ። ትንሽ ቆይቶ ቦርሳውን ከፈተና እያንዳንዱን ቁልፍ እያጠበቀ እየፈታ መረመረው። «መጥፎ አይደለም» አለ። «እግሩን በደንብ ከፍተህ፣ አንዱን እግር ንፋስ ወደሚገፋበት በኩል ካደረግህ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ክብደት ካንጠለጠልክ ይቆማል።» በማግስቱ ከቤቱ አንዲት ትንሽ ጆንያ ይዞ መጣ። የተቀደደ ጎኗን በከመነዳሪ ቁራጭ ጥፏታል። ውስጧ ማሾ የሚባለው የቆላ ጥራጥሬ ሞልቷል። «አሸዋስ አይሻልም?» ስለው፣ «አሸዋ ሰርግ ቤት ይዘህ ትገባለህ? የፈሰሰ እንደሆን ምግብ ውስጥ ይገባል። ማሾ ቢፈስ በረከት ነው» አለኝ። ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ጆንያዋን አንጠልጥሎ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ እስኪመጣ ጠበቀ። አቧራው ዓይናችንን ሞላው፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ጮኸ፤ ስታንዱ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ወንድአፍራሽ በጣም ተደሰቱ። «እንግዲህ ጆንያዋ የጌጡ ኃላፊነት ነች» አሉ። ሥራውን አገኘ። ያን ዕለት ፊቱ እንዴት እንደበራ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሰርግ ጥር ውስጥ፣ ከቀወት መንደሮች በአንዱ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በቆመበት ሜዳ ዳር ነበር። ዳሱ ግማሹ ቅጠል፣ ግማሹ የእርዳታ ሸራ ነው። ሙሽራው ኮቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክቷል፤ ሚዜዎቹ ነጭ ጓንት አድርገው፣ ጥላ ውስጥ ሆነው ጥቁር መነጽር አላወለቁም። ጌጡ ስታንዱን ከዳሱ መግቢያ አጠገብ አቆመ፣ እግሩን አመቻቸ፣ ጆንያዋን በገመድ ሁለት ዙር አስሮ አንጠለጠለ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አዩት።

«ይሄ ባለ ሦስት እግር ከየትኛው ወገን ነው? ከሙሽራው ነው ከሙሽራዋ?»

«የኔ ምትክ ነው፣ አባባ» አላቸው ጌጡ። «ጥሩነቱ አይበላም።»

«እንግዲያው አንተ የሱንም ብላለት» አሉት፤ ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

ያ ሳቅ አናደደኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጌጡን ነው። በካሜራው ሳይ ደግሞ ያቺ ባለ ጥፍ ጆንያ ከሙሽራዋ ቬሎ ጎን ተንጠልጥላ ትታየኛለች፤ የመጽሔቱ ፎቶ ላይ ጆንያ አልነበረም። «ጋሽ ጌጡ፣ ግባና ብላ፤ እኔ እበቃለሁ» አልኩት። «ጆንያዋን እንዳትነካ» ብሎኝ ገባ። ገና ጀርባውን ሲሰጠኝ ፈታኋት። ከዳሱ መግቢያ ስር አስቀመጥኳት። ወዲያው አንዲት ሴት፣ እንግዳ ያመጣው እህል መስሏት፣ «ይስጥልን!» ብላ ተሸክማ ወደ ጓዳ ገባች። ይስጥልን ስትለኝ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ መለስኩላት። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ የሁለቱን ወገን ቤተሰብ ባንድ ላይ አቆምኩ። ብዙ ናቸው፤ ካሜራው ውስጥ አልገቡልኝም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ሄድኩ። ሽቦው ድሮ በጌጡ ትከሻ ላይ ተጠቅልሎ አብሮኝ ይሄድ ነበር፤ አሁን ከስታንዱ ጋር የታሰረ ነው። ሦስተኛውን እርምጃ ስሄድ ሲወጠር እጄ ላይ ተሰማኝ። ንፋሱ ገና አልተነሳም ነበር። ስታንዱ አንዴ ወደኔ ሰገደና ወደቀ። ፍላሹ ድንጋይ ላይ አርፎ መስታወቱ እንደ በረዶ ተበተነ፤ ዘንጉ የሙሽራዋን እናት ክንድ ልጦት አለፈ። እልልታው ቆመ። ጌጡ እጁ ላይ ወጥ እንዳለ ሮጦ ወጣ። መጀመሪያ ያየው ሴትዮዋን ነው፤ ቀጥሎ የተሰበረውን ፍላሽ፤ ቀጥሎ ደግሞ ጆንያዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ። በመጨረሻ እኔን አየኝ።

«ንፋስ ነው» አልኩ።

የቀረውን በፀሐይ አነሳሁት። እኩለ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ዓይኑ ጉድጓድ ሆኖ ወጣ።

ከወራት በኋላ ስለ ጌጡ ግጥም ጻፍኩ። ወጣቶች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ አነበብኩት። ሁለት መስመሩ አሁንም አፌ ላይ አለ፦

ብርሃን ይዞ ቆሞ፣ ለሰው ፊት ሲያበራ፣
እሱ ከፎቶው ውስጥ፣ የለም ከሰው ተራ።

ተነስተው አጨበጨቡልኝ። ጎንበስ ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ። በዚያው ዓመት አንድ ቀን አውቶቡሳችን ጀውሃ ቆመ። ጌጡ ከአይሱዙ ላይ ሽንኩርት ያወርዳል፤ በዚያ ሊነሣ በማይችል ክንዱ ሳይሆን በአንገቱና በቀኙ። ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆታል። ጫማዬ የተፈታ አስመስዬ አጎነበስኩ፤ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቀና አላልኩም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ፣ ጋሼ ወንድአፍራሽ ዓይኔ የት እንዳረፈ አዩ። «አወቅኸው አይደል?» አሉኝ ከአጎበሩ ውስጥ። ድምፃቸው ሳስቷል። «ያቺ ጆንያ እኮ ተመልሳ መጥታ ነበር።»

«የትኛዋ ጆንያ?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«የጌጡ ነቻ። የሙሽራዋ አባት ፎቶ ሊወስድ ሲመጣ ይዟት መጣ። ‹ይችን ያመጣ እንግዳ ማን እንደሆነ አጣን፤ ስሙ ይነገረን እንመርቀው› አለኝ። ጥፉን አየሁና አወቅሁ። አንዷ ፍሬ አልጎደለችም።» አጎበሩን በእጃቸው ሳብ አደረጉ። «ጌጡ ይዟት ሄዶ ነበር ማለት ነው። አስሯትም ይሆናል። ወደ ሥራው መልሼ ልጠራው አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አፈርኩና ቀረሁ። ሰርገኛ ፈትቷት ይሆናል እላለሁ። አንተ ምን ይመስልሃል?»

ከኔ አንድ ቃል ነበር የሚጠበቀው። በሽተኛ ናቸው፤ ይቀልላቸው ነበር። የኔን ኃጢአት እሳቸው ተሸክመውት ነው የተኙት። ከስታንዱ የተንሸራተተውን የአጎበር ጫፍ መልሼ አሰርኩና «ይሆናል ጋሼ» አልኩ። «ሰርገኛ ይሆናል።» ስለ ጆንያዋ ሁለተኛ ዋሸሁ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስዋሽ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለሁለተኛው ምን ብዬ ዕድሜዬን ልጥራ?

ስለ ጆንያዋ የመጀመሪያውን የዋሸሁት በሰርጉ ማግስት ጠዋት፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ ወንድአፍራሽ የተማሪዎች ጉርድ ፎቶ እያጠቡ ነበር፤ እጃቸው እንደረጠበ ከጨለማው ክፍል ወጡ። የተሰበረው ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ ፍላሽ አልነበረንም።

«ጌጡ፣ ጆንያዋን አስረሃት ነበር?»

«አስሬያታለሁ፣ ጋሼ። ሁለት ዙር።»

«ታዲያ የት አለች?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት። ስወጣ የለችም። መንደሩን ሙሉ ጠየቅሁ።»

«ክንፍ አውጥታ በረረች? ሳትወስዳት ቀርተህ እንደሆነ ንገረኝ። ሰው ይረሳል።»

ጌጡ ወደኔ ዞረ። ቁጣ ፊቱ ላይ አላየሁም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እሱን ይጠይቁት» አለ። «ይሄ ልጅ ዓይኑ ምንም አያልፈውም፤ ዝንብ እንዴት እንደምትቆም የሚጽፍ ሰው ነው። አይተህ የለ፣ ወንድሜ? ስገባ ታስራ ነበር አይደል? ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። መሬቱን አየሁ። ሲሚንቶው ላይ የጋሼ እጅ ያንጠባጠበው ውኃ ሦስት ቦታ ጠብ ብሏል፤ እሱን ቆጠርኩ።

«እኔ ሙሽራዋን ነበር የማየው» አልኩ። «ጆንያ አላየሁም።»

ጋሼ ወንድአፍራሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ጌጡ፣ ፍላሽ እስኪገኝ ድረስ...» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት።

ጌጡ ጥግ የቆመችውን ቀርከሃ አነሳና ከመነዳሪውን ፈታ፤ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ቀርከሃዋን እዚያው መልሶ አቆማት። በአጠገቤ ሲያልፍ «ቀላሉ ይሻላል ብለህ የለ» አለኝ፣ በቀስታ፣ ለኔ ብቻ።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀቶቹ ገና ውኃ ውስጥ ናቸው። እሱም ያውቃል። በሯን ሰውነቱን የምታሳልፍ ያህል ብቻ ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ፣ በጎኑ ሾልኮ ወጣ። ይወረውራታል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ቀስ አድርጎ ገጠማት። ከዚያ ከውጭ በኩል መዳፉ ከላይ ጀምሮ ስንጥቋን እየተጫነ ሲወርድ ሰማሁ፤ በዳርዋ የምትገባው የብርሃን ክር እያጠረች፣ እያጠረች ሄዳ መሬቱ ጋ ስትደርስ ጠፋች።